በልግ ሲቀር ማንጎው ስንት ውሃ ይፈልጋል? ለራያ ቆላ የፍራፍሬ መስኖ መመሪያ

በዋጃ፣ በቆቦ ዙሪያና በመላው የራያ ቆላ ማንጎ፣ ፓፓያ ወይም ብርቱካን የተከለ ሰው የሚያጠጣው ባብዛኛው በልማድ ነው፤ ወይ የውሃ ተራው በደረሰ ቀን፣ ወይ አባቱ ያጠጣ በነበረው ልክ። ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም፣ ብዙ ዘመን ሠርቷል። የተቀመረው ግን በልጉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ጥቂትም ቢሆን በሚጥልበት፣ ክረምቱም በሐምሌ መጀመሪያ በሚገባበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጨምሯል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኖ ምክንያት ዝናቡ ሲከዳ የምሥራቅ አማራ ቆላዎች ምን እንዳዩ ያላየ የለም። ስለዚህ ዛሬ ፍራፍሬ የሚያለማ ሰው ውሃውን በቁጥር ሊያውቀው ይገባል። ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሁሉ ይበቃል፤ የቤተሰቡ ተማሪ ልጅም ሊሠራው ይችላል።

1. ሰማዩ በቀን የሚወስደውን ይለኩ

ግማሽ በርሜል ያግኙ። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ ያስቀምጡት፤ የዛፍም የቤትም ጥላ አይረፍበት። ከአፉ አራት ጣት እስኪቀረው ውሃ ይሙሉና ወፍና ፍየል እንዳይጠጣው የወንፊት ሽቦ ያልብሱት። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳም አጠገቡ ያቁሙ፤ እሱ የዝናብ መለኪያ ነው።

በየማለዳው በአንድ ሰዓት የበርሜሉን ውሃ በማስመሪያ ይለኩ። ከትናንቱ 8 ሚሊ ሜትር ከወረደ፣ 8ን በ0.7 ያባዙ፤ 5.6 ይመጣል። በ0.7 የሚባዛው በቆርቆሮ ዕቃ ያለ ውሃ ከለመለመ መስክ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚተን ነው። ዝናብ ጥሎ ከሆነ በጣሳው የተጠራቀመውን በልዩነቱ ላይ ደምረው ከዚያ ያባዙ። ያገኙት ቁጥር መነሻ ትነት ይባላል። የአንድ ቀን ልኬት ሊያሳስት ስለሚችል የአሥር ቀን አማካይ ይውሰዱ።

የወረዳው የመስኖ ባለሙያ ይህንኑ ቁጥር በሌላ መንገድ ያገኘዋል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መመሪያ መሠረት ከሙቀት፣ ከእርጥበት፣ ከነፋስና ከፀሐይ ተነሥቶ፣ ክሮፕዋት በሚባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ያሰላዋል። የእርስዎ በርሜል ግን የእርስዎን ማሳ ነፋስ ይነግርዎታል፣ ለዚህ ነው ሁለቱም የሚያስፈልጉት። በራያ ሜዳ ነፋሱ ሲበረታ ሙቀቱ ሳይጨምር እንኳ ትነቱ ከፍ እንደሚል በገዛ ዓይንዎ ያያሉ።

2. ትነቱን ወደ ሊትር ይለውጡ

አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ቀትር ላይ፣ ጥላ ከዛፉ ሥር ሲሰበሰብ፣ ከግንዱ እስከ ጥላው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ። ርቀቱን በራሱ፣ ከዚያም በ3.14 ያባዙ፤ የጥላው ስፋት ይህ ነው። ስፋቱን በመነሻ ትነቱ፣ ውጤቱን ደግሞ በሰብሉ ቁጥር ያባዙ። የሰብሉ ቁጥር ለማንጎ 0.85፣ ለብርቱካን 0.7፣ ለፓፓያ 0.9፣ ላደገ ሙዝ 1.1 ገደማ ነው።

በግንቦት መነሻ ትነቱ 6 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ጥላው ከግንዱ 3 ሜትር የሚርቅ ማንጎ 28 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ 28 በ6፣ በ0.85 ሲባዛ 143 ሊትር በቀን ይሆናል። ጥላው 2 ሜትር የሆነ ብርቱካን 53 ሊትር፣ ጥላው 1 ሜትር ከ20 የሆነ ፓፓያ 24 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ናቸው፤ የመጨረሻውን ፍርድ አራተኛው ክፍል ላይ አፈሩ ይሰጣል።

3. ሙቀቱ የጨመረውንና በልጉ የወሰደውን ለይተው ያስሉ

ከሁሉም ነገር በዚህ ላይ እንዲቆዩ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል የሚያስበው ሙቀትን ብቻ ነውና።

አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ሊሸከመው የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ነፋሱ፣ ፀሐዩና የአየሩ እርጥበት እንደነበሩ ከቆዩ መነሻ ትነቱ በዚያው አንድ ዲግሪ የሚያድገው ግን ከ2 እስከ 4 በመቶ ያህል ነው። ሁለት ዲግሪ ሲሞቅ በአማካይ 6 በመቶ እንውሰድ። ያ 143 ሊትር ይጠጣ የነበረው ማንጎ አሁን 152 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። ጭማሪው በቀን 9 ሊትር፣ በወር 270 ሊትር ነው። ቀላል አይደለም፣ ግን ሰው ሊቋቋመው የሚችል ነው።

አሁን በልጉን ያስሉ። በሚያዝያ 60 ሚሊ ሜትር ይዘንብ የነበረ ቢቀር፣ ከዚያ ውስጥ ሦስት አራተኛው ማለትም 45 ሚሊ ሜትሩ ወደ ሥር ይደርስ ነበር። ለዚያው ማንጎ 45 በ28 ሲባዛ 1,260 ሊትር ነው። አንድ የበልግ ወር መቅረቱ ብቻ፣ ሁለት ዲግሪ ሙቀት በወር ከሚጨምረው አምስት እጥፍ ሊጠጋ ነው። ክረምቱ አንድ ሳምንት ሲዘገይ ደግሞ ሌላ 1,000 ሊትር ይጨመራል።

በራያ ቆላ የፍራፍሬ ውሃ እጥረት ዋናው በር ይህ ነው። ማንጎ በበጋው መጨረሻ አብቦ ፍሬው የሚያብጠው በልግ ሊዘንብ በሚገባው ጊዜ ነው፤ ዝናቡ ሲቀር ዛፉ በትልቁ የጥማት ወቅቱ በመስኖው ላይ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ማሳዎን የሚያቅዱት በደህናው ዓመት ልክ ሳይሆን በልጉ በቀረበት ዓመት ልክ ይሁን። በጥማድ መሬት ላይ በአሥር ሜትር ርቀት 25 ማንጎ ተክለው ከሆነ፣ የሁለት ወር በልግ ቢቀርና ክረምቱ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ለአንዱ ዛፍ 4,500 ሊትር፣ ለ25ቱ 113 ሜትር ኩብ ያህል ተጨማሪ ውሃ ያስፈልጋል። ይህ ውሃ ከየት ይመጣል? ከጉድጓድ ከሆነ ፓምፑ ተጨማሪ ስንት ሰዓት ይሠራል? ናፍታውስ? መልሱን በጥር ያዘጋጁ። በሚያዝያ ማሰብ ከጀመሩ ፍሬው መርገፍ ጀምሯል።

የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግና የክረምት ትንበያ አስቀድሞ ያወጣል፤ በግብርና ባለሙያው በኩል ይጠይቁ። በጥቅሉ ኤልኒኖ ክረምታችንን ሲያዳክም፣ ላኒኛ ደግሞ በልጋችንን የማዳከም ዝንባሌ አለው። ትንበያው ከመደበኛ በታች በልግ ካለ፣ ውሃው ለዛፎቹ እንዲተርፍ በማንጎው መካከል ቀይ ሽንኩርት የሚዘሩበትን መደብ ከአሁኑ ይቀንሱ።

በአየር ውስጥ የበዛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የቅጠልን ቀዳዳ በጥቂቱ ስለሚያጠብ ዛፉ ውሃ ይቆጥባል የሚል ነገር ሊሰሙ ይችላሉ። እውነትነት አለው፤ የራያን ደረቅ ነፋስና የበልጉን መቅረት ግን አይመልስምና በዕቅድዎ ውስጥ አያስገቡት።

4. የማጠጫውን ቀን አፈሩ ይወስን

ስንት ሊትር እንደሆነ ካወቁ በኋላ በስንት ቀን አንዴ የሚለው ይመጣል። መካከለኛ አፈር በአንድ ሜትር ጥልቀት ዛፍ ሊመጠው የሚችል 150 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ አሸዋማው ወደ 80 ይወርዳል። ማንጎ ግማሹ እስኪያልቅ ሊታገሥ ይችላል። በመካከለኛ አፈር 75 ሚሊ ሜትሩን በቀን ፍላጎቱ፣ ማለትም በ5.1 ሲያካፍሉ 14 ወይም 15 ቀን ይመጣል። በታኅሣሥ ትነቱ ሲቀንስ ያው አፈር ሦስት ሳምንት ሊያቆይ ይችላል። በአሸዋማው ግን ግንቦት ላይ ስምንት ቀን ብቻ ነው። የጎሊና ወይም የሆርማት ጎርፍ አሸዋ ካለበሰው ማሳና ጥቁር መሬት ከሆነው ማሳ ላይ በአንድ ተራ ማጠጣት አንዱን ያስጠማል፣ ሌላውን ያሰጥማል።

የፓፓያ ሥር ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር አካባቢ ስለሆነ በአምስት ቀን ውስጥ መድረስ አለብዎ። ግን ይጠንቀቁ፦ ውሃ አንድ ሁለት ቀን ሥሩ ላይ ከተኛበት ፓፓያ ይሞታል። በከፍታ መደብ ላይ ይተከል፤ ቦዩም ከግንዱ ይራቅ።

ከማጠጣትዎ በፊት በጥላው ጠርዝ ሥር እስከ ክንድ ጥልቀት ቆፍረው አንድ እፍኝ አፈር ይጭበጡ። ተጨብጦ ቅርጹን ከያዘና መዳፍዎን ካረጠበ ይቆዩ። ቅርጹን ይዞ በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ቀኑ ደርሷል። ጨርሶ አልጨበጥም ካለ ዘግይተዋል። ካጠጡ በማግሥቱም እንዲሁ ይቆፍሩ፤ ውሃው ክንድ ያህል ካልወረደ ያጠጡት የላይኛውን አፈርና አረሙን ነው።

5. የሰጡት ውሃ ስንት እንደሆነ ያረጋግጡ

የጠብታ መስኖ ካለዎት ከአራት አምስት ዛፍ ሥር፣ ከመስመሩ መጀመሪያም ከመጨረሻም፣ በኢሚተሩ፣ ማለትም በጠብታ ማውጫው፣ ሥር ዕቃ አስቀምጠው ለአንድ ሰዓት ያጠራቅሙ። አራት ኢሚተር እያንዳንዳቸው በሰዓት 4 ሊትር ካወጡ 16 ሊትር ነው፤ ለ143 ሊትር ዘጠኝ ሰዓት ይፈልጋል። በመስመሩ ጫፍ ያለው ከመጀመሪያው እጅግ ካነሰ ፊልተሩ ወይም ቀዳዳው ተደፍኗል። በቦይ ለሚያጠጣ ሰው ከቦዩ አፍ ከሚገባው ውሃ ግማሹ በመንገድ ይቀራል ብሎ ማስላት ይሻላል፤ ስለዚህ ለሥሩ የአንድ ቀኑ 143 ሊትር እንዲደርስ 286 ይለቀቃል፤ የሚያጠጡት በየተወሰነ ቀን ከሆነ በቀኖቹ ቁጥር ያባዙት። በጣም የሚጎዳው ረጅም ያልተጠቀጠቀ የአፈር ቦይ ነው። ዛፉን በክብ ገንዳ ከብበው ውሃውን በጎማ ቱቦ ቢያደርሱለት ያለ ሌላ ወጪ ብዙ ያተርፋሉ። ማለዳ ወይም ማታ ያጠጡ።

6. ዛፉ የሚጠማበትንና ማረፍ ያለበትን ወር ይለዩ

ከክረምት በኋላ ያደገ ማንጎ እንዲያብብ ዕረፍት ይፈልጋል። ከኅዳር ጀምሮ አበባው እስኪወጣ ድረስ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ በከባድ አፈር ላይ ያለውን አያጠጡ፤ በአሸዋማው ላይ ያለውን ቅጠሉ እንዳይጠወልግ በጥቂቱ ያቅምሱት። ቀዝቃዛ ሌሊትና ደረቅ አፈር ተባብረው ነው ማንጎን ወደ አበባ የሚመሩት። ሌሊቱ እየሞቀ ሲሄድ ከሁለቱ አንዱ ይዳከማልና በእጅዎ ያለውን ሌላውን፣ ደረቅነቱን፣ ይጠብቁ።

እዚህ ላይ በቆቦ ሜዳ የተለመደ አንድ ነገር አለ፦ በማንጎው መካከል ቀይ ሽንኩርት ይዘራል፣ ሽንኩርቱም በየሳምንቱ ይጠጣል። ገበያው ስለሚጠራው ማንም አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የማንጎው ሥር ያንን ውሃ እየጠጣ አበባ በሚያወጣበት ወቅት ለጋ ቅጠል ያወጣል። ማንጎው ለፍሬ ከደረሰ ሽንኩርቱን ከጥላው ጠርዝ ውጭ፣ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያርቁ።

አበባው ፍሬ ይዞ አተር ሲያክል ውሃውን ይመልሱ፤ መጀመሪያ በግማሽ፣ ከሳምንት በኋላ በሙሉ። ከዚያ ጀምሮ ፍሬው መጠኑን እስኪጨርስ ተራ አይለፈው። ብርቱካን አጠር ያለ ዕረፍት ይበቃዋል። ደርቆ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ሲያገኝ ልጣጩ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለእሱ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ይሻለዋል። ፓፓያ ዕረፍት የለውም። በከባድ ሙቀት ላይ ጥማት ሲጨመርበት ፍሬ የማይሰጥ ወንዴ አበባ ስለሚያበዛ ከወራት በኋላ የሚደርሰውን ምርት የሚያጡት ዛሬ ነው። ከግንዱ ላይ ፍሬ የሌለበት ባዶ ክፍል ሲያዩ የመቼ ጥማት እንደሆነ ቆጥረው ማወቅ ይችላሉ።

7. የሰጡትን ውሃ ከፀሐይና ከነፋስ ይከላከሉ

ጉዝጓዝ ያድርጉ፤ ውፍረቱ አንድ ጥፍር ሳይሆን አንድ መዳፍ ይሁን፣ ግንዱን ግን አይንካ። የማሽላ አገዳ ለከብት እንደሚፈለግ አውቃለሁ። ከብት የጣለው የአገዳ ትራፊ፣ የሙዝ ቅጠል፣ የደረቀ ሣርና የተቆረጠ የሱስባንያ ቅርንጫፍ ይሠራል። ቅንጨ አረምን ግን ካበበ በኋላ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ዘሩን በማሳዎ ላይ መዝራት ነው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሱስባንያ ወይም የእርግብ አተር በሁለት ረድፍ ይትከሉ፤ እነሱም ይጠጣሉና ከፍሬው ዛፍ አራት አምስት ሜትር ይራቁ። አዲስ ችግኝ በመጀመሪያው በጋ ከምዕራብ በኩል በአገዳ ጥላ ይከለልለት።

8. ውሃው ካልበቃ ማን ይቅደም?

የጋራ ጉድጓድ ላይ ያለ ሰው ይህን ብቻውን አይወስንም። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ባስቆፈራቸው ጉድጓዶች ዙሪያ የተደራጁ የውሃ ተጠቃሚዎች አሉ፤ ከሰሜኑ ጦርነት በኋላም ሁሉም ፓምፕ እንደ ቀድሞው አይሠራም። ስለዚህ የእጥረቱ ሕግ ከእጥረቱ በፊት በማኅበሩ ስብሰባ ይጻፍ፤ የውሃ አባቱም በእጁ ይያዘው። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሥር ያልሰደዱ የአንድና የሁለት ዓመት ችግኞች፤ ጥቂት ሊትር ነው የሚፈልጉት፣ ከሞቱ ግን ዓመታት ይጠፋሉ። ቀጥሎ ፍሬ የሚያብጥበት ማንጎና ብርቱካን። ከዚያ ምርት ላይ ያለ ፓፓያ። ያረጀ ፓፓያና ዘግይቶ የተዘራ አትክልት መጨረሻ ይሁን።

ማንጎ ላይ የውሃ ቅነሳ ከመጣብዎ ከሁሉም ዛፍ እኩል ይቀንሱ፤ ግማሹን ዛፍ አጥግበው ግማሹን አይተዉ። ያደገ ማንጎ ከፍላጎቱ ሰባት አሥረኛ እያገኘ ፍሬው ያንሳል እንጂ ዛፉ አይጎዳም። ፍሬውን ማሳሳትም ይረዳል፤ ከአንድ ዘለላ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይተዉ።

አዲስ ለመትከል የሚያስቡ ከሆነ የአቮካዶ ዋጋ አያታልልዎት። በዚህ ቆላ ሙቀቱንም ጨውንም የማይችለው እሱ ነው። የተሻሻሉት የማንጎ ዝርያዎች፣ ኬንት፣ ኪትና ቶሚ አትኪንስ፣ በዚህ አየር ከእሱ ይሻላሉ።

9. ጨውን አይርሱ

ብዙ ያጠጣ ሰው ብዙ ጨው ያስገባል። በአንድ ሊትር ግማሽ ግራም ጨው ያለው የጉድጓድ ውሃ ለምላስ አይታወቅም። ይሁንና ለአንድ ማንጎ በበጋና በበልግ 20,000 ሊትር ከሰጡት 10 ኪሎ ጨው በዛፉ ዙሪያ አስቀምጠዋል። ዝናብ እያነሰ መስኖ እየበዛ ሲሄድ ይህ የሚታጠብበት ዕድል ይቀንሳል። የቅጠሉ ጫፍ እየተቃጠለ ቡናማ ሲሆን፣ በእርጥበቱ ጠርዝ ላይም ነጭ ቅርፊት ሲታይ ምልክቱ ነው። የጉድጓድዎን ውሃ በዓመት አንዴ በሰኔ ያስመርምሩ፤ ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልንና የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ የሐምሌ ዝናቦች ሲጥሉ የጠብታ መስኖውን ወዲያው አይዝጉ። ጥቂት ዝናብ በዳር የተከማቸውን ጨው ወደ ሥር መልሶ ያመጣዋል፤ መሬቱ በደንብ እስኪርስ እያጠጡ ወደ ታች ይግፉት።

10. የክረምቱን ጎርፍ ያስገቡ፣ ጉድጓዱን ይለኩ

የዚህ ሜዳ የከርሰ ምድር ውሃ ባብዛኛው የሚሞላው ከምዕራቡ ተራራ በሚወርደው ጎርፍ ነው። የራያ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ማሳ የማጠጣት ዕውቀት የቆየ ነው፤ ለማሽላ የሚደረገው ለማንጎም ይሠራል። በሐምሌና በነሐሴ አንድ ሁለት ጊዜ የተጠለፈ ጎርፍ ጥልቁን አፈር ከሞላ የመጀመሪያው ማጠጫ በሳምንታት ይዘገያል። ደለሉ ግን የማንጎውን ግንድ ከተቀበረበት በላይ እንዳይሸፍን ያስወግዱት፤ ፓፓያና ብርቱካን ላይም ጎርፍ አይልቀቁ።

በገመድ ጫፍ ድንጋይ አስረው የጉድጓድዎን ውሃ ጥልቀት በዓመት ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ በሰኔ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በጥቅምት ክረምቱ ከወጣ በኋላ። ፓምፑ ከቆመ አንድ ሌሊት ይለፈው። ቁጥሩን ከዝናቡና ከትነቱ ጋር በአንድ ደብተር ይጻፉ። የጥቅምቱ ውሃ ካለፈው ዓመት ጥቅምት ዝቅ ብሎ ከተገኘ በዚያ ዓመት አዲስ ችግኝ አይትከሉ፤ የሽንኩርቱን መደብም በሩብ ይቀንሱ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ከወረደ ደብተሩን ይዘው ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ይሂዱ፤ የጎረቤትዎ ጉድጓድም ከዚያው ውሃ ነው የሚቀዳው።